ፓፓ ቤት ላልሄደው አባቴ

አባዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ከርመሃል» ይባላል። አንተን እንደዚያ ብዬ ብጠይቅ ባሻ ድንበሩ ሰምተው «ይህች ልጅ ደግሞ በሙት ማላገጥ ጀመረች» ይላሉ። ስለዚህ አንተን መጠየቁን ትቼ እኛ እንዴት እንደ ከረምን ልንገርህ። ከተለየኸን ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ሽሙጤ ብለህ ስም ያወጣህልኝ ልጅህ ምላሴ ገና አላጠረም፤ ግን ከቤት ውጭ ብዙ አልናገርም። ለምን እንደ ሆነ ከታች ታገኘዋለህ።

አንተ እያልኩ ስጽፍልህ አትቀየመኝ። «አንቱ» ማለቴን የከለከልከኝ ራስህ ነህ። ከባሕር እንደ ተመለስክ «ዓመት ሙሉ በመርከብ ሆድ ውስጥ ከሰል ስዝቅ አንቱ ያለኝ የለም፤ ጆሮዬ ረስቶታል፣ አንተ በይኝ» አልከኝ። እማዬ እስከ ዛሬ አልወደደችውም። አባቷን አንተ የምትል ልጅ ባል አታገኝም ትላለች። እኔም አንተ ማለቱን አጠበቅሁት።

ቤታችን እንዳለ ነው። የጓዳው ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ አፈሰሰ፤ ድስት ስናቀርብ፣ ገበቴ ስናቀርብ፣ ዕቃ አልቆብን ባዶ እጃችንን ልንዘረጋ ምንም አልቀረን። የደጃችን ባሕር ዛፍ ከአጥሩ በላይ ሆነ። ካፖርትህን እማዬ ፈትታ ለእኔ ሰፋችው። ደጋግመን አጠብነው፤ ከእጅጌው ስፌት ውስጥ ግን አሁንም የከሰል ትቢያ ይወጣል። እማዬ ጥጥ ትፈትላለች። ድሮ ስትፈትል ታንጎራጉር ነበር፣ አሁን የሚሰማው እንዝርቱ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ባሻ ድንበሩ ደኅና ናቸው። ዛሬም የሚካኤል ማኅበራችን አለቃ እሳቸው ናቸው። ያንን የደረት ሰዓታቸውን አሁንም በየደቂቃው እያወጡ ያዩታል፤ አይተውም «ልክ አራት ሰዓት» ይላሉ። ሰዓቱ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ አራት ሰዓት ላይ ነው። ይህን የምነግርህ ያስቅህ እንደሆን ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን ይህ ሰዓት ሥራ ሠርቷል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከሄድክ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣህ ዕለት ማክሰኞ ነበር። ባቡር ሥራ ብለህ ወደ ድሬዳዋ ወርደህ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ደግሞ በፈረንሳይ ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ለእሳቱ ከሰል የምታጎርስ ሆነህ ዓለምን ዞረህ መጣህ። እማዬ በግ አሳረደች። ባሻ መጡ፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ታምሩ መጡ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ መጣ። ተባርኮ ሁሉም እጅህ ወደ ማዕዱ እስኪዘረጋ ሲጠብቅ አንተ «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ» አልክ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባሻ «ማክሰኞ ነው እንጂ! ባሕሩ በጆሮህ ገባ እንዴ?» አሉህ። አንተ አልሳቅህም። ከወገብህ ያንን ገመድ ፈታህ። ከጅቡቲ ከተነሣህበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ አንድ ቋጠሮ የቋጠርክበት፣ ለእሑድ ትልቅ ቋጠሮ ያደረግህበት ገመድ። «ሰው ይሳሳታል፣ ይህ አይሳሳትም» አልክና እጅህን ሳትዘረጋ አደርክ። እንግዶቹ በሉ፤ ግን ብሉ ተብለው እንደ ተገደዱ ሰዎች ነበር የበሉት።

በማግሥቱ ረቡዕ ሆነ። የእኛ ረቡዕ ማለቴ ነው። ተነሥተህ «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ያስቀመጣችሁልኝ የታል?» አልክ። እማዬ ደረቷን ደቃች። «ወልዴ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ረቡዕ ነው!» ብትልህ ድስቱን ራስህ ከፍተህ ጎድን ይዘህ ፀሐይ ልትሞቅ ደጃፍ ተቀመጥክ። ያን ሰዓት መምሬ ታምሩ ከኪዳን ሲመለሱ በበራችን አለፉ። አንተ ደግሞ በአክብሮት ብድግ ብለህ አጥንቱን እንደ ያዝክ እጅ ነሣሃቸው። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ አፌን በነጠላዬ ይዤ ልፈነዳ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ነው ስለዚያች ከተማ የነገርከኝ።

ስሟ ፓፔቴ ነው አልከኝ። በታላቁ ባሕር መካከል፣ መርከብ ሳምንታት ሄዶ መሬት በማያይበት ስፍራ ያለች የአንዲት ደሴት ዋና ከተማ። ዋና ከተማ ስትለኝ እንደ እኛዋ መስሎኝ ነበር። «የምን እንደ እኛ፤ ከጊዮርጊስ ተነሥተሽ ውቤ በረሃ ሳትደርሺ ከተማው ያልቅብሻል» አልክ። አንድ መንገድ፣ በአንድ በኩሉ ሱቅ፣ በሌላው በኩሉ ባሕር። መርከባችሁን ያሰሩት መንገድ ዳር ከቆመ ዛፍ ጋር ነው፤ ገበያተኛ አህያውን እንደሚያስረው። የአገረ ገዢው ቤት በረንዳው ሰፋ ይበል እንጂ ቁመቱ ከአራዳ ዳቦ ቤት አይበልጥም። ፀሐይ እያለች ይዘንባል። ወንዱም ሴቱም በጆሮው ላይ አበባ ይሰካል፣ የአገረ ገዢው ዘበኛ ሳይቀር። ባሻ ድንበሩ አበባ ሰክተው ታዩኝና ሳቅሁ፤ አንተም ገባህና አብረኸኝ ሳቅህ። ስትስቅ ነው ሳሉ የተነሣብህ። ያን ጊዜ የባሕር ጉንፋን ነው አልከኝ፣ እኔም አመንኩህ።

ወደዚያች ከተማ ሳትደርሱ፣ ዓርብን በጾም ውለህ ስታድር፣ በማግሥቱ የመርከቡ አዛዥ ደወል አስደውሎ «ዛሬም ዓርብ ነው» አለ። የመርከቡ ሰው ሁሉ ምንም ሳይመስለው ሥራውን ቀጠለ። አንተ ግን ገመድህን አይተህ ቅዳሜ ብለህ ቋጠርክ። «ዓርብን የማይጾም ሰው ዓርብ ቢደገምበት ምን ይጎዳዋል? እኔ ግን አንድ ጊዜ ጾሜዋለሁ» አልከኝ። እኔ ይህን እንደ ተረት ሰማሁት።

በገመድህ እሑድ በሆነ ቀን ፓፔቴ ደረሳችሁ። ታጥበህ፣ ነጠላህን ለብሰህ ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ወጣህ። አገኘህ፤ ተዘግቷል። ከተማው በሙሉ ገበያ ላይ ነው። ቀይና ሰማያዊ ዓሣ በልጥ ታስሮ እንደ ዶሮ ተንጠልጥሏል፣ ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ኮኮ የሚሉት የዘንባባ ፍሬ ደርቆ በጆንያ ተከምሮ የከረመ ቅቤ ይሸታል። ይህ ሰንበትን የማያውቅ አገር ነው ብለህ አዘንክ። በማግሥቱ፣ በገመድህ ሰኞ፣ ያው ሕዝብ ነጭ በነጭ ለብሶ ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል። ዝማሬያቸው በመስኮት ይወጣል። አንተ ከደጅ ቆምክ። ዝናቡ መጣ። አንዲት አሮጊት ከውስጥ አይታህ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልህና በእጇ ጠራችህ። እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ራስህን ነቀነቅህ። «ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ግን እምነቴ አይደለም፣ እንዴት እገባለሁ?» አልከኝ። ዝናቡ እስኪጨርስህ ድረስ ከደጅ ቆምክ። ሲወጡ አሮጊቷ በቅጠል የተጠቀለለ፣ በእሳት የተጠበሰ፣ ዳቦ ዳቦ የሚል የዛፍ ፍሬ ሰጠችህ። አራት ቀን ኮኮ ስትጭኑ ሰነበታችሁ፤ ከዚያ መርከቡ ሄደ። ከዚያች ከተማ የያዝከው ይህንን ብቻ ነው።

አሁን የእኔን ስማ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን።

በነጋታው ሐሙስ፣ ሽማግሎቹ ባሻ ደጅ ተሰብስበው ስለ አንተ ሲያወሩ ሳልፍ አዩኝ። ባሻ ጠሩኝ። «ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ አባትሽ የደረሰበት አገር ማን ይባላል?» አሉኝ። «ፓፔቴ» አልኩ። ጆሯቸውን ታውቀዋለህ። «ምን ቤት?» አሉ። ያን ጊዜ ዝም ብዬ ስሙን ጮክ አድርጌ ብደግመው ኖሮ አንተ ዛሬ የት ነበርክ? ምላሴን በላኝ። «ፓፓ ቤት!» አልኩ። ፊቴን እንደ ቄስ አጥቁሬ። «የሮማው ፓፓ ቤት። ፓፓው ራሳቸው በር ድረስ ሸኝተውታል።»

ቤት እስክገባ ድረስ ብቻዬን ሳቅሁ። ሽማግሎቹ ግን አልሳቁም። እርስ በርስ ተያዩ። ማክሰኞ ጾመ፣ ረቡዕ ሥጋ በላ፣ ለካ ፓፓ ቤት ገብቶ ነው! ነገሩ ሁሉ ገጠመላቸው። እስከ ቅዳሜ ገበያ ድረስ አራዳ ሁሉ ሰማው። ወልዴ ካቶሊክ ሆኖ መጣ።

ለሚካኤል ዝክር አልጠሩህም። መምሬ ታምሩ ቤታችን መምጣት ተዉ። ስታልፍ ልጆች «ፓፓ ቤት!» ይሉሃል። አንድ ቀን ገብተህ እንዲህ አልከኝ፦ «ይህን ስም ያወጣው ሰው ጭንቅላቱ ስለት ነው። ፓፔቴን ፓፓ ቤት! እኔ አንድ ዓመት ስጠራው አልመጣልኝም።» ፈገግ ብለህ ነበር። እኔ ድስት እየፈተግሁ ነበር፤ ቀና አላልኩም። አውቀህ ነው ያልከኝ? ሳታውቅ ነው? ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠይቅህ ብታውቅ።

ልነግራቸው ነበር። ነገ እነግራለሁ እያልኩ ነው ወሩ ያለፈው። ባሻ ፊት ቆሜ «ቀልዴን ነው» ብል ይገርፉኛል ብዬ አልፈራሁም፤ አንተ ስትሰማ ፊትህ ምን እንደሚመስል ነው የፈራሁት።

አንተ ደግሞ ያደረግኸው። ማን ልክ እንደ ሆነ ስላላወቅህ ሁለቱንም ጾምክ። የገመድህን ረቡዕና ዓርብ፣ የአራዳን ረቡዕና ዓርብ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አራት ቀን በተከታታይ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ፣ ከዚያ ሳል ጋር። እማዬ እየለመነችህ። ከአራዳ ሰው ሁሉ አብልጦ የሚጾመው ሰው ነበር ጾም ገደፈ የተባለው። ሁዳዴ ሲገባ ነጠላህ ከላይህ ይወርድ ጀመር። በግንቦት ሞትክ።

የት እንደ ቀበርንህ ታውቃለህ? ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው አባዬ። ያለ ፍትሐት። መምሬ ታምሩ በሩቅ ቆመው ነበር፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ያልቅሱ አያልቅሱ አላየሁም። እማዬ በዚያ ቀን አልጮኸችም። ጉድጓዱን ሲሞሉ ወደ አጥሩ ዞራ በእጇ ርቀቱን ትለካ ነበር፤ ሰባት ክንድ ነው።

ሐምሌ ላይ የባሻ ሰዓት ሥራ ሠራ ያልኩህ ይኸውልህ። አርመኑ ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰጂልኝ አሉኝ። ሰውየው ከፍቶ አየና «ይህ ዕረፍት ላይ ነው፣ አትቀስቅሱት» አለ። ሳቅሁ፤ ከሞትክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሳቅሁ በኋላ ድንገት አለቀስኩ። ምን ሆንሽ ሲለኝ የአንተን ዓርብ ነገርኩት። እሱ ግን አልተደነቀም። «አባትሽ ትክክል ነው፣ እናንተም ትክክል ናችሁ» አለኝ። ወደ ምሥራቅ እየሄደ ዓለምን የዞረ ሰው ፀሐይን እየሄደ ስለሚቀበላት ቤቱ ከተቀመጠው ሰው አንድ ቀን ጨምሮ ያያታል። መርከበኞች ይህን ስለሚያውቁ በዚያ ባሕር ላይ አንዱን ቀን ይደግሙታል። ገመድህ አልተሳሳተም። አንድ ቋጠሮ በእውነት ኖረሃል፣ እኛ ያልኖርነውን።

እንዲህ ቀላል ነበር። ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ሰው ያውቀው ነበር፤ አንድ ቀን ሄጄ ብጠይቅ ኖሮ።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ ሲሰበሰብ ገባሁ። ያልተጠራች ልጅ። «ቀልዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ የደረሰው ፓፔቴ ነው፣ ፓፓ ቤት አይደለም» አልኩ። ከዚያ የቀኑን ነገር ላስረዳቸው ባሻን ፀሐይ አደረግኋቸው። በምሰሶው ዙሪያ አምስት ጊዜ ይዙሩ አልኳቸው፤ እኔ ደግሞ በተቃራኒው ቀስ ብዬ አንድ ጊዜ ዞርኩ። መምሬ ታምሩ ባሉበት ተቀምጠው ፀሐይን ይቁጠሩ። እሳቸው ባሻን አምስት ጊዜ አዩ፣ እኔ ስድስት ጊዜ አገኘኋቸው። ፀሐይ በአምስተኛው ዙር አዙሯት ቁጭ አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ለሳምንት ሳቅ ይበቃኝ ነበር።

ባሻ ትንፋሻቸው ሲመለስ «እና በምሰሶ ዙሪያ ስለ ዞርሽ ረቡዕ ሐሙስ ይሆናል?» አሉ። ሌሎቹም «ልጅ ናት፣ አባቷን ልታድን ነው፣ አይፈረድባትም» አሉ። ስቀልድ አመኑኝ፤ እውነቴን ስናገር ቀልድሽ ነው አሉኝ።

መምሬ ታምሩ ወደ ውጭ ጠሩኝ። «ገብቶኛል ልጄ» አሉኝ። በእውነት ገብቷቸው ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ግን ለእነሱ አይገባቸውም። ለተጸጸተ ሰው የሚሆን ሥርዓት አለን፤ ቀን ለተደገመበት ሰው የሚሆን የለንም። አባትሽ ፓፓ ቤት ገብቶ እንደ ነበር፣ በአልጋው ላይ ሳለ እንደ ተጸጸተ አንቺ መስቀል ይዘሽ ብትመሰክሪ ፍትሐቱን እኔ አደርሳለሁ። ከአጥሩም ይገባል።»

ሦስት ቀን አሰብኩ። እማዬን አልጠየቅኋትም፤ እሷ ሰባቱን ክንድ በእጇ ስትለካ አይቻታለሁ። አንተን ጠየቅሁ። በዝናቡ ውስጥ ከደጅ የቆምከው ገባ እንዳይባል ነበር። እኔ ደግሞ ገባ ልበል?

በአራተኛው ቀን መስቀሉን ያዝኩ። «ፓፓ ቤት ገብቶ ነበር። ተጸጽቶ ሞተ» አልኩ። ባሻ ራሴን ዳበስ አድርገው «ጨዋ ልጅ» አሉኝ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ ጊዜ በቀልድ፣ አንድ ጊዜ በመሐላ፣ ሁለት ጊዜ ፓፓ ቤት ላክሁህ አባዬ።

ፍትሐቱ ደረሰ። አንተን ከማንሣት አጥሩን ማንሣት ይቀላል ተባለና አጥሩን ነቅለው ካንተ ወዲያ ተከሉት። እማዬ ያን ቀን ነው የጮኸችው። ስድስት ወር ያጠራቀመችውን ጮኸች። ማታ ራት በላች። ስለዚህ ብቻ ቢሆን እንኳ ደግሜ እምል ነበር፤ ይህንንም ልደብቅህ አልችልም።

ይህን ለማን ልንገር? እማዬ ብትሰማ እንደገና ትሞትባታለህ። ባሻ ቢሰሙ መሐላዬ ይፈርሳል፣ መሐላዬ ከፈረሰ አጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ እኔ፣ በአራዳ በምላሷ የታወቀችው፣ እስክሞት ዝም እላለሁ። ከቤት ውጭ የማልናገረው ለዚህ ነው። ልነግረው የምችለው ሰው አንተ ብቻ ቀረህ።

በየወሩ ሚካኤል አሁን እኔንም ይጠሩኛል። በመጨረሻ ሁሉም ይነሡና «ፓፓ ቤት ገብቶ የተመለሰውን የወልዴን ነፍስ ይማር» ይላሉ። እኔም ከሁሉም ጋር «አሜን» እላለሁ፤ መባል አለበትና። ከአሜኑ በታች ግን፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «አባቴ አልገባም» እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ አንድም ወር አላስቀርም።

ልጅህ ሽሙጤ